ራዲያተሩን ማን ሞላው

የራዲያተር ፈሳሽ ሽታው ይጣፍጣል። ሞተር ሳይክሉ ሮጦ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ክዳኑን ስትከፍተው የሚወጣው ትንፋሽ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል፣ ከስኳሩ ሥር ደግሞ ብረት ብረት የሚል ነገር አለ። ትናንት እዚህ ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ፣ ከአፓርታማው ኋላ ባለው ጋራዥ፣ ክዳኑን ከፍቼ አጎንብሼ እያለሁ አንተ የውሃ ጠርሙስህን ይዘህ መጣህና፣ ከጎደለ ለምን ውሃ አልጨምርበትም ብለህ እጅህን ሰደድክ። ጮኽኩብህ። ሞተር ከገዛህ ገና ወርህ ነው፣ አታውቅም፤ ጩኸቱም ላንተ የመጣ አልነበረም። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም። ሰው ሌላ ሰው የከፈተው ራዲያተር ውስጥ ምንም ነገር መጨመር የለበትም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ከዚያ ትፈርዳለህ።

ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ከናይሮቢ በስደተኛ ወረቀት ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ፊሊፕስ ሰፈር የአንዲት ሴትዮ ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት፣ ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬ ናርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ሲያጥቡና ሲያገላብጡ የሚውሉ፣ ማታ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የሚያወሩ ሴት ነበሩ። ከባላቸው ተለያይተዋል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ከእኔ ጥቂት ያንሳል። ሕፃን ሆኖ የመጣ ስለሆነ እናቱ በአማርኛ ይናገሩታል፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ ተናግረው ይግባባሉ፣ ወይም የተግባቡ ይመስላቸዋል። ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ ነበር የሚያወራው። የእኔ እንግሊዝኛ ከእሱ አማርኛ ይብስ ስለነበር ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ማንበብ አልችልም ነበር፣ በየትኛውም ቋንቋ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ነገሩ ያለ እሱ ስለማይገባህ ነው። የማውቀው ነገር ቢኖር ሞተር ሳይክል ነው። ጉርምስናዬን የጨረስኩት ናይሮቢ ውስጥ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሞተሮችን ሳጥብና ስጠግን ነው። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን፣ ፈትቼ ጫፉን አይቼ ሞተሩን ምን እንደሚያመው እናገራለሁ፤ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ከነጣ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ የብስኩት ቀለም ካለው ጤነኛ ነው። እዚህ አገር ቢሮ በገባሁ ቁጥር፣ የት እንደምፈርም በጣታቸው ሲያሳዩኝ፣ እንደ ደንቆሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያናግሩኝ፣ የኔ የምላት ያቺን እውቀት ብቻ ነበረች። በሞተር ነገር ማንም አላዋቂ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከልጃቸው ጋር ጓደኛ የሆንነው ሲዋርድ ሰፈር ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግቢ ለሽያጭ የቆመ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ገዝቶ የመጣ ቀን ነው። መጣ ስልህ ነድቶት አይደለም፤ ከሲዋርድ ድረስ እየገፋ ነው። ከቤታችን ኋላ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላቡ እየተንጠባጠበ ሲደርስ አየሁትና ወጣሁ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ከሰል መስለዋል። በሽቦ ብሩሽ ጠረግኳቸው፣ ክፍተታቸውን በመጋዝ ምላጭ ለክቼ አስተካከልኩ፣ መልሼ አሰርኳቸው። ማስነሻውን ሲጫነው ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስሎ ተነሳ፤ ጭሱ መተላለፊያውን ሞላው።

"አንተ ሰውዬ፣ ዶክተር ነህ እንዴ?" አለኝ።

"ዶክተር ቤዝመንት ውስጥ አይኖርም" አልኩት።

ከዚያን ቀን በኋላ ጋራዡ የሁለታችን ሆነ። አንድ ትንሽ መስኮት ነበረችው፤ መስታወቷ ስለቆሸሸ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ሻይ የተደፋበት ይመስል ነበር። የዘይት፣ የአሮጌ ጎማና ያለፈው ዓመት የደረቀ ሣር ሽታ ነበረው። እኔ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ይገልጣል። ራዲያተር ያለው ሞተር ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ የናይሮቢዎቹ በነፋስ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ስለዚህ ስለ ራዲያተሩ መጽሐፉን መስማት ነበረብኝ። እሱ በእንግሊዝኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ከዚያ በሰባራ አማርኛው ይተረጉምልኛል።

"ያንን ነገር ከዚያኛው ነገር ላይ ታወጣለህ ይላል።"

"የቱን ነገር?"

"ነገሩን።"

"እንዲህ ነው የሚለው መጽሐፉ? ነገሩን?"

"አይ፣ መጽሐፉ ስም ሰጥቶታል። እኔ ነኝ የማላውቀው።"

እንደዚያ እያልን ሠራነው። እንደዚያ የተሠራ ሞተር ሲሄድ አይቻለሁ።

ሰኔ ላይ እዚህ አገር ከዛፍ ጥጥ ይበራል፤ አንተም አይተኸዋል። የራዲያተሩ ፊት ላይ ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች በዚያ ጥጥ፣ በትንኝ ሬሳና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ተደፍነው ነበር። መጽሐፉ በለስላሳ ብሩሽና ግፊት በሌለው ውሃ ይታጠብ ይላል። የሞከርናቸው ብሩሾች በሙሉ ወይ ክንፉን ያጣምማሉ ወይ አይገቡም። አከራዬ ከአገር ቤት የሚላክላቸው የመፋቂያ እስር ነበራቸው። አንዱን ለምኜ ወሰድኩና ጫፉን አኝኬ አበጣጠርኩት። በአንዱ ጫፍ ጥጡን እየጠረግኩ፣ በሌላው የተጣመመውን ክንፍ እያቃናሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አጸዳሁት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ራዲያተሩን አሸተተና፣ "አሁን አፉ አይሸትም" አለ። ስቀን ሞትን። አሁን ሳስበው ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም፤ የምንስቅበት ሰው ማግኘታችን ነው ያሳቀን።

አከራዬ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆነው ያዩን ነበር። ሞተሩን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ "ያ ነገር" ነው የሚሉት። ያ ነገር ወጣ? ያ ነገር ገባ? ልጃቸው ይዞት በወጣ ቁጥር ድምፁ ከሌክ ስትሪት በኩል ተመልሶ እስኪሰማ ድረስ ቁጭ አይሉም፤ ሲሰሙት ደግሞ ሳይጨነቁ የዋሉ ይመስል ወደ ድስታቸው ይዞራሉ። አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ደበቁት። ልጁ ቤቱን ገልብጦ አገኘው። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ዱቄቱን ከቁልፉ ላይ እያራገፈ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ተናገራቸው፤ እኔም ሳይቀር ገባኝ። ሌላ ጊዜ ሞተሬን ብትነኪ እሄዳለሁ፣ ድምፄንም አትሰሚም ነበር ያለው። እንደሚያደርገው እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር። አባቱን የተወው እንደዚያ ነው፤ ሳይጣላ፣ ሳይሳደብ፣ አንድ ቀን ስልኩን ማንሳት አቆመ፣ በዚያው ቀረ።

መስከረም ላይ ዴንቨር ሥራ ማግኘቱን ነገረን። ክረምቱን እዚህ ጨርሶ፣ በረዶው ሲቀልጥ በሞተሩ ሊሄድ ነው። በሞተር። ካርታውን ስልኩ ላይ ሲያሳያቸው እናቱ ካርታውን አላዩም፣ ፊቱን ነው ያዩት።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት፣ አከራዬ በሳህን ምግብ ከድነው ወደ ቤዝመንቴ ወረዱ። ከዚያ በፊት ምግብ ሲሰጡኝ ከላይ ጠርተው ነበር የሚያቀብሉኝ፤ ደረጃውን ሲወርዱ ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና፣ እጄ የተባረከ መሆኑን፣ ልጃቸውም እኔን እንደ ወንድም እንደሚያይ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያን ነገር እንዳይነሳ ልታደርገው ትችላለህ። ትንሽ ነገር። እሱ የማያውቀው።"

"አልችልም፣ እትዬ።"

"አትችልም ወይስ አትፈልግም?"

"አልፈልግም" አልኳቸው።

ሳህኑን ደረጃው ላይ ትተውት ወጡ። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ በላሁት።

ልጁ እንዲሄድ ፈልጌ እንዳይመስልህ። እሱ ከሄደ ከማን ጋር እንደማወራ አላውቅም ነበር። ግን በእጄ የዳነ ሞተር በእጄ አይሞትም። ጽድቅ ብለህ እንዳትወስደው፣ ትዕቢት ነው። ሌላ የምታበይበት ነገር አልነበረኝም።

ጥቅምት ላይ ሞተሩን ለክረምት አዘጋጀነው። ባትሪውን አውጥተን ወደ ቤዝመንት አወረድነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግኩና መልሼ አሰርኳቸው። ራዲያተሩንም ከፍተን አሮጌውን ፈሳሽ አፈሰስነው፤ ዝገት መስሎ ነው የወጣው። ንጹሕ እስኪወርድ አጠብነው፣ አንጠፈጠፍነው፣ የታችኛውን መዝጊያ አጠበቅነው። አረንጓዴው ፈሳሽ፣ ኩላንት የሚሉት፣ በብርድ በረዶ የማይሆነው፣ አልቆብን ነበር። በማግሥቱ ከሁለታችን ቀድሞ ቤት የገባው አንድ ጋሎን ገዝቶ ሊሞላው ተስማማን። ክዳኑን ከፍተን ትተነው ገባን።

በማግሥቱ ተደራራቢ ሺፍት ነበረኝ። ወደ ቤት ስመለስ ወደ ጋራዡ ጎራ አልኩ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፣ ሞተሩ ላይ አሮጌ አንሶላ ተጥሎበታል። ልጁ ሞልቶታል ብዬ በሩን ዘግቼ ገባሁ። አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?

የዚያ ዓመት ብርድ ሌላ ነበር። ስትተነፍስ የአፍንጫህ ፀጉር ይደርቃል። በጋራዡ አጠገብ ሳልፍ እንጨቱ ቋ፣ ቋ ሲል እሰማ ነበር፤ ቤት ራሱ የሚሰበር ይመስል ነበር። እኛ ግን ወጥ ቤት ተቀምጠን ስለ ጸደይ ነበር የምናወራው። እሱ መንገዱን ያወራል፣ እኔ መንገድ ላይ ምን ምን መለዋወጫ መያዝ እንዳለበት እነግረዋለሁ። እናቱ ሰሃን ያጥባሉ፤ ስለ ዴንቨር ስናወራ ውሃው ከፍ ይላል።

ሞተሩን የገለጥነው በዐቢይ ጾም ነው። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ከጋራዡ ጣራ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በመስኮቷ የምትገባው ብርሃን ሞቅ ብላለች። ልጁ አዲስ ካንዴላዎች ገዝቶ በኪሱ እያንሿሿ መጣ። አንሶላውን ገፈፈው። ሁለታችንም እኩል አየነው። የራዲያተሩ ጎን ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል፣ ብረቱ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ የደረቀ ነጭ ምልክት አለ።

"ምን ሞልተህበት ነው?" አለኝ።

"እኔ? የሞላኸው አንተ ነህ እንጂ።"

"እኔ ስመጣ ሙሉ ነበር፤ ጨለማ ስለነበር ቀለሙን አላየሁም። አንተ የሞላኸው መስሎኝ ክዳኑን ዘጋሁት። የገዛሁት ጋሎን እስካሁን መኪናዬ ውስጥ ነው።"

ከራዲያተሩ ሥር ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ተርፎ ነበር፤ ጣቱን ነክሮ አሸተተው፣ ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ አፍንጫ አስጠጋ። ምንም አይሸትም። አየህ፣ ኩላንት ቢሆን ኖሮ ሽታው ይጣፍጥ ነበር።

"ውሃ ነው፤ በረዶ ሆኖ አብጦ ነው የተረተረው" አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ በጋራዡ በር በኩል የወጥ ቤቱን መስኮት አየ። "ማም" አለ። አልተጣራም፤ ለራሱ ነው ያለው። ፊቱ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ ስለ አባቱ ሲያወራ የሚያመጣው ፊት ነው።

"ቆይ፣ የካንዴላ መፍቻውን ላምጣ" አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር።

አከራዬ ሽሮ እያማሰሉ ነበር፤ እህል ገና አልቀመሱም። ከፍሪጁ በላይ፣ ሥዕለ አድኅኖው አጠገብ፣ ሁልጊዜ የምትቆም አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ነበረች። ውስጧ ያለው ጸበል ነው፤ ሰው ከአገር ቤት በሻንጣ ያመጣላቸው። ለዓመታት በክዳን እየለኩ ነበር የሚጠጡት፣ ሲታመሙ ብቻ፤ በክዳኑ ከቀዱት የተረፈች ጠብታ ካለች መልሰው ያንጠፈጥፏታል። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ለእኔም አንድ ክዳን ሰጥተውኝ ነበር፤ አላምንበትም፣ ግን ጠጣሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ጀሪካኗ ቦታዋ ላይ የለችም። ከመጥረጊያው ጎን መሬት ላይ፣ ክዳኗ ተከፍቶ ቆማለች።

"እትዬ፣ ጸበሉ የት ሄደ?"

ማማሰያውን አስቀመጡና በሩን አዩ።

"አንተ እምቢ አልከኝ። እሱን ትቼዋለሁ፣ አልተቀየምኩህም። መሄዱ ካልቀረ ግን መንገድ ላይ እንዲጠብቀው ብዬ በዚያ ነገር ሆድ ውስጥ አፈሰስኩለት። ከፍታችሁ ትታችሁት ነበር፣ ባዶውን። አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።" ማማሰያውን መልሰው አነሱና ጠየቁኝ፤ "ምነው? ምን ሆነ?"

"ምንም" አልኳቸው።

ስመለስ ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ብነግረው ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ጸበል አይለውም፤ ውሃ ነው የሚለው። ሆን ብላ ሰበረችው ይላል። ቁልፉን የደበቁ ሴት፣ ሞተሩን ግደልልኝ ብለው የለመኑኝ ሴት ናቸው፤ ማን ያምናቸዋል? ራዲያተር በሌላ ራዲያተር ይተካል። እሱ ግን አንዴ ስልክ ማንሳት ካቆመ አቆመ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ያኔ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ውሃ ሞልቼበት ነበር። ረስቼው ነው።"

"አንተ?"

"መኪና ላይም ውሃ ነው የምንጨምረው። የኛ አገር አይበርድም።"

"ማም አዛህ ነው?"

"ማንም አላዘዘኝም። አላወቅኩም ነበር።"

ብዙ ጊዜ አየኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። የገመተኝን ሰው እያወረደ ሌላ ሰው ቦታዬ ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት።

"ክዳኑ ላይ ተጽፏል እኮ" አለ። "ማንበብ ብትችል..."

አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ደርሶኛል።

ለእናቱ አንድ ዕቃ እንደተበላሸ ብቻ ነገራቸው። ሞተሩ ራሱ ተርፎ ነበር፤ ራዲያተሩ ቀድሞ ፈነዳለት። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ ራዲያተር አገኘና ብቻውን ሊገጥመው ገባ። እኔ ቤዝመንት ተቀምጬ በመስኮቷ እሰማዋለሁ፤ ብሎን ይወድቃል፣ ይሳደባል፣ ብሎን ይፈልጋል። አልወጣሁም። ካንዴላዎቹ ላይ ሲደርስ ግን መፍቻው ሲያቃስት ሰማሁ። ያንን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጣሁና ከእጁ ወሰድኩበት።

"በጣትህ እስኪቆም፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ" አልኩት።

"ካላጠበቅኩት ይወልቃል።"

"ካጠበቅከው ይሰበራል።"

የቀረውን አብረን ሠራን። አሮጌውን መፋቂያ ከመሳቢያ አውጥቼ የአዲሱን ራዲያተር ክንፎች አጸዳሁ። አረንጓዴውን ፈሳሽ እሱ ቀዳ፣ እኔ የእጅ ባትሪ አበራሁ። ጣፋጩ ሽታ ጋራዡን ሞላው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶት ነበር፣ ጣቱም በመስመሮቹ ላይ ይሄድ ነበር፤ ድምፁን አውጥቶ ግን አላነበበልኝም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ጠዋት ሄደ። መተላለፊያው ውስጥ የቀለጠ በረዶ ኩሬ ሠርቶ ሰማዩ ይታይበት ነበር። ሻንጣውን በገመድ አስሮ ሞተሩን እያሞቀ ሳለ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ጎኔ ቆሙና፣ "የቱ ጋ ነበር አፉ?" አሉኝ በቀስታ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ከውጭ ብቻ፣ እትዬ።"

"ለምን?"

"ውስጡ ሙሉ ነው።"

አልተከራከሩኝም። ታንኩ ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ ጎማው ላይ ረጩ፤ ከዚያ የልጁ ሄልሜት ላይ። ልጁ በእንግሊዝኛ መቀመጫዬን አረጠብሽው እያለ ሳቀ፤ ግን አንገቱን ጎንበስ አድርጎላቸው ነበር። አቀፋቸው። ለእኔ እጁን ሰጠኝ፤ ሂሳቡን ለጨረሰ ጋራዥ ሠራተኛ እንደሚሰጥ።

"ቴክ ኬር" አለኝ።

እኔን በእንግሊዝኛ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ድምፁ ወደ ሌክ ስትሪት ታጠፈ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ሞተሩ በደንብ ነበር የሚሠራው። ካንዴላዎቹ ብስኩት የሚመስሉ እንደሚሆኑ አውቅ ነበር።

በየእሑዱ ለእናቱ ይደውላል። እስከ ዛሬ ሳያቋርጥ ይደውላል። እኔን ጠይቆኝ ከሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በዚያ በጋ አከራዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጃቸው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩኝ፤ ለምን እንደፈለግኩ አልጠየቁኝም። የእንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ ማታ ትምህርት ገብቼ ተማርኩ። የራሴን ሞተር ስገዛ ገና ሳላስነሳው የራዲያተሩን ክዳን ነበር ያነበብኩት። ሲሞቅ አትክፈት ነው የሚለው። ስለ ውሃ አንድም ቃል የለበትም።

ያንን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቀኝ።

እትዬ አሁን አርጅተዋል። ቤቱን ሸጠው እዚሁ ሆፕኪንስ፣ ከኔ ሕንፃ ቀጥሎ ባለው ነው የሚኖሩት፤ እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እኔ ነኝ የማደርሳቸው። የመኪናዬን በር እየወረወሩ ነው የሚዘጉት። ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ካልወረወሩት የተዘጋ አይመስላቸውም።

ባለፈው በጋ ልጃቸው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጥቶ ነበር። ወፍሯል፣ ሞተሩንም ከሸጠው ቆይቷል። ሲያየኝ ደስ አለው፣ እውነቱን ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልጆቹን ጠራና በእንግሊዝኛ አስተዋወቀኝ። ይህ ሰውዬ አንድ ጊዜ ራዲያተሬ ውስጥ ውሃ ሞላበት፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ፈነዳ አላቸው። ሚስቱ ሳቀች። ልጆቹ ፈነዳ የሚለውን ወደዱት፤ ደግመህ ንገረን አሉት። እኔም ሳቅኩ።

እትዬ ትሪ ይዘው ከወጥ ቤት እየወጡ ነበር። ቆሙ። እንግሊዝኛ ድሮም ይሰማሉ፤ መመለሱን ነው የማይወዱት። ትሪውን ይዘው ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ፤ ለረጅም ጊዜ አልተዘጋም።

በሚቀጥለው እሑድ በመኪናዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ሃይዌይ ላይ ወጣን። መንገዱ ባዶ ነበር፣ ፀሐይ ከፊት እየመታን ነው።

"ውሃ ያን ነገር ይሰብረዋል እንዴ?" አሉ፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ።

"ሲበርድ ብቻ።"

አንድ ትልቅ መኪና አለፈን።

"ለዚህ ነው ከውጭ ብቻ ያልከኝ።"

"ቀበቶዎን ይሰሩ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አስሬያለሁ እኮ።"

አስረዋል፣ አየሁት። ከሃይዌዩ ወረድን፣ ቀይ መብራት ያዘን።

"ልንገረው?" አሉኝ።

"ይተዉት" አልኩ። "ልጆቹ ወደውታል።"

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆምኩላቸው። ቶሎ አልወረዱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። አንድ ነገር ሊሉ መስሎኝ ሞተሩን አጠፋሁት። ወረዱ፣ ዞር ብለው በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ቀስ አድርገው፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።